ቶሜኪቺ እና እምቢ ያሉት እንቁላሎች

ቶሜኪቺ ሃማጂ ለወላጆቹ ዘጠነኛ ልጅ ነበር። እናቱ ስምንተኛውን ስትገላገል «ከእንግዲህስ በቃኝ» ብላ ነበርና፣ ዘጠነኛው ሲመጣ አባቱ «ቶሜ» የሚል ስም ለጠፈበት። «ይብቃ»፣ «አቁም» እንደማለት ነው። በእኛ አገር በጃፓን ልጅ የበዛበት ቤት ሁሉ የሚሞክረው ዘዴ ነው። ዘዴው አልሠራም፤ ከእሱ በኋላ ሁለት ሴቶች ተወለዱ። ቶሜኪቺ ይህን ባነሣ ቁጥር፣ «እኔ ከመወለዴ ጀምሮ የተሰጠኝን ሥራ ያልሠራሁ ሰው ነኝ» ይል ነበር።

እኔ ኪኑዬ እባላለሁ። ከኢዋኖሴ መንደር ጫፍ፣ ዐለቱ ባሕር ውስጥ በሚገባበት ቦታ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ትንሽ የባሕር ጥናት ጣቢያ ነበረው። እዚያ ሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። ጸሐፊ ማለት እዚያ ስልክ የሚያነሣ፣ ቅጽ የሚሞላ፣ አምፖል የሚቀይርና አሣ የለመዱ ድመቶችን የሚያባርር ሰው ነው። ቶሜኪቺ የባለቤቴ አባት የሩቅ ዘመድ ስለነበር «አጎቴ» እለው ነበር። ደግሞም መንደሩ ውስጥ አጎቴ የማልለው ሰው አልነበረም።

በየበጋው (የእኛ በጋ ሐምሌና ነሐሴ ነው)፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አጎቴ ቶሜ የባሕር ጃርት ያመጣልን ነበር። ያን ጥቁር፣ እሾሃም፣ ኳስ የሚመስል እንስሳ። ትንሽ ጀልባው ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ሥሩ መስታወት የሆነ ሣጥን ውኃው ላይ አስደግፎ፣ ፊቱን እዚያ ውስጥ ቀብሮ በረጅም ዘንግ ይለቅማል። ከዚያ የለቀመውን ገንዳ ውስጥ ጨምሮ፣ እርጥብ የባሕር አረም አልብሶ፣ ሙሽራ እንደሚሸኝ ሰው እየተጠነቀቀ በራችን ላይ ያስቀምጣል። እኛ ጋ የሚመጡት ከሁሉ የተመረጡት ናቸው። የተረፈው ለከተማው ነጋዴ ይሄዳል፤ የሚበላው በውስጡ ያለው ቢጫው ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አጎቴ ቶሜ እኛም የምንበላ ይመስለው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ሰው የመንግሥት ገንዘብ ይዞ በየቀኑ ሠላሳ የባሕር ጃርት የሚገዛው ሌላ ለምን ይሆናል? «ምሁራን ናቸው፣ ያፍሩ ይሆናል፤ በር ዘግተው ይብሉ» እያለ ዝም አለን። ጨዋ ሰው ነበር።

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ በሐምሌ፣ ዶክተር ሳካኪባራ የሚባል ተመራማሪ መጣ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ቀጭን ነው፤ በር እንኳ ሲገጨው በሩን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት። ጣት በምታክል ጠርሙስ ነጭ ዱቄት ይዞ መጥቶ፣ የእኔን ምሳ ከበረዶ ሣጥኑ አስወጥቶ ዱቄቱን አስገባ። አፈር ውስጥ የምትኖር አንዲት ባክቴሪያ የምትሠራው ነገር ነው አለኝ። ሴል ውስጥ ያረጀ ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም አለ፤ ዱቄቱ እሱን ያግደዋል። ኢንዛይሙ ሲታገድ ሴሉ መከፈል ያቅተዋል። የባሕር ጃርት እንቁላል እንደ መስታወት ጥርት ያለ ስለሆነ ይህን ሁሉ በዓይን ማየት ይቻላል።

«ምሳዬስ?» አልኩት።

«ይቅርታ» አለ፤ ወደ ወገቡ እጥፍ ብሎ።

በሦስተኛው ቀን አጎቴ ቶሜ ባዶ ገንዳውን ሊወስድ ከኋላ በር ሲገባ፣ ዶክተሩን የሚረዱት ሁለት ተማሪዎች ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅረው፣ «ዛሬም አልተከፈለም! አንድም አልተከፈለም!» እያሉ ይደሰታሉ።

«ማን ነው ያልተከፈለው?» አለ አጎቴ ቶሜ። «እኔ እንደሆነ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ተከፍያለሁ።»

ተማሪዎቹ የገንዘብ ሳይሆን የእንቁላል ነገር መሆኑን አስረዱት። ባመጣቸው እንስሳት ላይ መርፌ ይወጋሉ፤ ሴቷ እንቁላሏን፣ ወንዱም ዘሩን ይለቃል፤ ሁለቱን ይቀላቅላሉ። እንቁላሉ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ለሁለት መከፈል ነበረበት፤ አሁን ግን አልተከፈለም። አጎቴ ቶሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያመነበት ነገር በአንድ ጊዜ ፈረሰበት።

«አትበሏቸውም?»

«አንበላም።»

«አንድም ቀን?»

ተማሪዎቹ ተያዩ። «አንድ ቀን ብቻ» አለ አንደኛው።

ከዚያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክሮስኮፕ ውስጥ አየ። ክብ፣ ጥርት ያለ፣ ምንም የማያደርግ እንቁላል። ጎን ያለውን ሳሕን አሳዩት፤ ዱቄት ያልገባበት ነው። እዚያ ያሉት ሁሉ ሁለት ሁለት ሆነዋል።

«ይሄኛው የማን ነው?» አለ ጠርጠር አድርጎ።

«ሁለቱም የእርስዎ ናቸው።»

«አይደለም። ይሄ ሰነፍ የእኔ አይደለም።»

ዶክተር ሳካኪባራ ሮጦ መጥቶ ስለ ዱቄቱ ማስረዳት ጀመረ። ግን ከሁለት ዓረፍተ ነገር አንዱ ይቅርታ ስለነበር፣ አጎቴ ቶሜ የያዘው ይቅርታውን ብቻ ነው። ሰው ያላጠፋውን ይቅርታ አይጠይቅም፤ ስለዚህ አንድ የተደበቀ ነገር አለ ብሎ ወጣ።

ማታ በመንደሩ የጋራ መታጠቢያ ቤት፣ ሙቁ ውኃ ውስጥ አንገቱ ድረስ ተነክሮ፣ «ምሁራኑ የእኔን ጃርቶች መካን ናቸው አሏቸው» ብሎ ለጎረቤቱ ተናገረ። የእኛ መንደር መታጠቢያ ቤት ሬዲዮ ነው። በማግስቱ ወሬው ወደብ ደረሰ፤ በሦስተኛው ቀን ከተማ ገባ። በየመንገዱም ቅርጹን ቀየረ። ከተማ ሲደርስ «የኢዋኖሴን የባሕር ጃርት የበላች ሴት አታረግዝም» ሆኖ ነበር። የጃርቶቹ ባለቤት ደግሞ ስሙ ቶሜ! «አቁም»! ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

ለነሐሴ ሠርግ የታዘዘ ጃርት ተሰረዘ። የሙሽራዋ እናት በስልክ፣ «በሌላ ጊዜ፤ ልጆች ከወለዱ በኋላ» አለች። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ የምትኖር የአምስት ልጆች እናት፣ ሳሕኗን በጨርቅ ሸፍና በአጥር በኩል መጣች።

«አጎቴ፣ ያው ለጤና ነው። ስንት ይበላል?»

«የምን ጤና?»

«ኧረ ዝም ብለህ ስጠኝ። ባሌ ከመርከብ ሐሙስ ይመጣል።»

ከዚያ በኋላ በአጥር በኩል የሚመጡት በዙ። የአጎቴ ቶሜ ጃርት እንዲህ ተሸጦ አልቆ አያውቅም፤ ግን አልተደሰተም። ሥራው ተሰድቦ የሚሸጥ ሰው ምን ደስታ አለው?

የአሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ኩራታ፣ ሆዱን አስቀድሞ ወደ ጣቢያው መጣ። ከኋላው አጎቴ ቶሜ። ዶክተር ሳካኪባራ ገና ሳይቀመጡ አጎነበሰላቸው።

«የሰባ ሁለት ቤት ስም ነው የጠፋው» አለ ኩራታ። «የጽሑፍ ማስረጃ እንፈልጋለን። ጃርቶቹ ጤነኛ ናቸው፤ ይወልዳሉ የሚል። ማኅተም ያለበት።»

«መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት» አለ አጎቴ ቶሜ በጨዋ ደንብ። ቀጥሎ ግን ንዴቱ ቀደመውና፣ «አንተ ልጅ፣ መርዝ ጨምረህበት አልወልድ አለ ትላለህ? እኔ ሻይህ ውስጥ አሸዋ ብጨምር አንተስ ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም። ይቅርታ።»

«እና ጥፋቱ የሻዩ ነው?»

«የሻዩ አይደለም። በጣም ይቅርታ።»

ማስረጃው የእኔ ሥራ ሆነ። መሳቢያዬ ውስጥ የነበሩት ቅጾች የእንግዳ መመዝገቢያ፣ የተሰበረ ዕቃ ማሳወቂያ፣ የጠፋ ጃንጥላ መጠየቂያና የአገልግሎት ማረጋገጫ ብቻ ናቸው። የመጨረሻው ይቀርባል ብዬ ሞላሁት፤ «ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው የባሕር ጃርቶች በመልካም ጠባይ አገልግለዋል» ብዬ ወደ ዋናው ቢሮ ላክሁ። በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ። የእያንዳንዱ አገልጋይ የትውልድ ቀንና ቦታ አልተሞላም ይላል። ቦታው ላይ «ባሕር» ብዬ፣ ቀኑን «በበጋ» ብዬ መለስኩላቸው። ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፤ ባሕር የሚባል ወረዳ በመዝገባቸው ስለሌለ ትክክለኛው አድራሻ እንዲገለጽ።

ያን ደብዳቤ ለዶክተር ሳካኪባራ ሳነብለት፣ ያ ለበር የሚሰግድ ሰው ጠረጴዛውን መታ። «በቃ! ያያሉ! ራሳቸው መጥተው በዓይናቸው ያያሉ!» አለ። ከዚያ ጠረጴዛውን ዳበሰው።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የማኅበሩ አዳራሽ ሞላ። ሳካኪባራ ማይክሮስኮፑን ከትልቅ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ፣ ሁለት ሳሕን አዘጋጀ፤ አንዱ ንጹሕ የባሕር ውኃ፣ አንዱ ዱቄት ያለበት። ወንዶቹ ሳኬ የምንለውን የሩዝ መጠጥና ስኩዊድ የተባለ የደረቀ የባሕር እንስሳ ይዘው የትግል ውድድር እንደሚያይ ሰው ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል። የአጎቴ ቶሜ ሚስት ሃትሱዬ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አጎቴ ቶሜ ራሱ የቀብር ሱፉን ለብሶ ቆሟል።

ሳካኪባራ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ «ሴል ሊከፈል ሲነሣ አንድ ፕሮቲን ውስጡ ይጠራቀማል» አለ። «መጠራቀሙ ያስነሣዋል፤ ግን ተፈጭቶ ካልጠፋ ሥራው አያልቅም። መሃል ላይ ቆሞ ይቀራል። የሚፈጨው ኢንዛይም እንደ ወፍጮ ነው። ይህ ዱቄት ወፍጮው ጥርስ ላይ ይሰካል።»

ማንም አልገባውም። ኩራታ፣ «ወፍጮ? ጃርት ምን ይፈጫል?» አለ። ሳቅ ሆነ።

ያን ጊዜ ሃትሱዬ ተነሣች። «እናንተ ደንቆሮዎች፣ የእኛ ቤት ነው እኮ!» አለች። «ልጃችን ሊያገባ ሲል ቤቱን ለሁለት እንክፈለው አልን። ዕቃ አሰባሰብን፣ ግድግዳ ለካን፣ አናጢ ጠራን። ከዚያ ይሄ ሰውዬ የአባቱን መረብ፣ የአያቱን መረብ፣ አሣ የማያጠምድ የተበጣጠሰ ገመድ ሁሉ አልጥልም አለ! ማዶ ያለው ክፍል እስከ ጣሪያው አሮጌ መረብ ነው። እንዴት ይከፈል? ልጄ ከተማ ቤት ተከራይቶ ወጣ። ያ እንቁላል ሰነፍ አይደለም። ቆሻሻውን የሚጥልለት አጥቶ ነው!»

ሳካኪባራ ማይክሮፎኑን አውርዶ፣ «እኔ ይህን ለማስረዳት አርባ ገጽ ጽፌያለሁ» አለ። አጎቴ ቶሜ የጆሮው ጫፍ ቀልቶ ጫማ በሌለው እግሩ ላይ አፈጠጠ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ «አንዱ መረብ እኮ ገና ይሠራል» ሲል ሰማሁት፤ ለማንም አልነበረም።

አራት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል፣ በንጹሑ ሳሕን ያለው እንቁላል ወገቡ ላይ ሰረጎደ። «ጀመረ!» አለ አንድ ሰው። ሰዉ ሁሉ በጉልበቱ ተነሣ። እንቁላሉ ቀስ እያለ ጠበበ፣ ጠበበ፣ ከዚያ ሁለት ሆነ። ጩኸቱ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ኩራታ ሳኬውን ደፍቶ አጎቴ ቶሜን አቀፈው።

«አንተ፣ ወለደ እኮ!»

«ድሮስ? የማን ልጅ ነው!» አለ አጎቴ ቶሜ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ።

በዱቄቱ ሳሕን ያለው ግን ቁጭ እንዳለ ነው። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ማስረጃው ታይቷል፤ ሰዉም መነሣት ጀምሮ ነበር። አጎቴ ቶሜ ግን ከስክሪኑ ሥር ንቅንቅ አልል አለ።

«ይሄኛውስ?»

«ይሄኛው ታግዷል» አለ ሳካኪባራ።

«እጠበው።»

«ማለት... ዱቄቱን ማጠብ ይቻላል፤ ግን ከቆየ በኋላ ምን እንደሚሆን...»

«እጠበው አልኩህ! ቆሻሻው ይውጣለት!»

ሳካኪባራ በንጹሕ የባሕር ውኃ ደጋግሞ አጠበው። የሚሄድ ሰው ጠፋ። ሃትሱዬና ሴቶቹ ወደ ማኅበሩ ወጥ ቤት ገብተው ሩዝ በእጃቸው ድቡልቡል አድርገው ይዘው መጡ። እኩለ ቀን ሆነ፤ ሙቀቱ ያሳብዳል። አጎቴ ቶሜ ኮቱን አውልቆ ስክሪኑን ያናግራል፦ «አይዞህ። ቀስ ብለህ። ማንም አልቀደመህም።» ኩራታ ጠጥቶ፣ «ግፋ! ግፋ በለው!» ይላል። ሴቶቹ፣ «አንተ ምን ታውቃለህ ስለ መግፋት» አሉት።

ሰባት ሰዓት አለፍ ሲል እንቁላሉ ተንቀሳቀሰ። ወገቡ ግን በአንድ በኩል አልነበረም የሰረጎደው፤ በዚህም በዚያም ነው። ተጨማደደ፣ ተወጠረ፣ ከዚያም ሁለት ሳይሆን በአንዴ አራት ሆነ።

ኩራታ፣ «አራት!» ብሎ ጮኸ። «አራት በአንዴ! ያኛው ሁለት፣ ይሄ አራት!»

«አይደለም፣ ቆዩ!» አለ ሳካኪባራ፣ ገርጥቶ። «ይህ ጥሩ አይደለም! በጣም ስለቆየ የውስጡ ክፍፍል ተዛብቶ ነው፤ ይህ አያድግም...» ድምፁን የሰማ የለም። ማይክሮፎኑንም አንዱ ሊዘፍንበት ወስዶታል።

ወሬው በዚያው ምሽት መታጠቢያ ቤት ገባ። በነጋታው ከተማ ደረሰ። ረቡዕ ዕለት የነሐሴዋ ሙሽራ እናት ደውላ የቀድሞውን እጥፍ አዘዘች፤ በማግስቱ ደግሞ ከሦስት ከተማ ማዶ ልጅ ያጡ ባልና ሚስት በአውቶቡስ መጡ። በአጥር በኩል ደግሞ የአምስት ልጆች እናት ሳሕኗን ሳትሸፍን እየሮጠች መጣች።

«አጎቴ፣ ገደልከኝ! ባሌ የመጣ ዕለት ስድስት በልቻለሁ!»

«ኧረ ምንም አይልሽም፣ እንቁላል ብቻ ነው የ...»

«ስድስት ሲባዛ በአራት ስንት ነው? ንገረኝ!»

(ምንም አልሆነችም። እስከ መስከረም ግን አላናገረችውም።)

ሳካኪባራ ይህን ሁሉ ሲሰማ አለቀሰ። ልጅ ያጡት ባልና ሚስት ጋ ራሱ ሄዶ፣ ጃርት የሚበላ እንጂ መድኃኒት እንዳልሆነ ነገራቸው፤ ከከተማው ሆስፒታል የሚያውቀውን ሐኪም ስም በወረቀት ጻፈላቸው። እነሱም አመስግነው፣ ከመጡ አይቀር ጃርቱን በልተው ሄዱ።

አጎቴ ቶሜ ግን ከዚያ እሑድ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ገንዳውን አስቀምጦ አይሄድም። ፔርሙዙን ይዞ ማይክሮስኮፑ አጠገብ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ክፍፍል ሳይታይ ቁርስ አይበላም። ደንብም አወጣ፦ ለዱቄት አሥር እንቁላል ከተወሰደ፣ ሌላ አሥር ተከፍሎ፣ አድጎ፣ ባሕር ይመለስ። አሥር እንቁላል ለዓይን እንኳ እንደማይታይ ሳካኪባራ ሊነግረው ሞከረና ተወው። እኔ ለደንቡ ቅጽ አዘጋጀሁለት። ማኅተም አደረግንበት።

በቀጣዩ ዓመት የሳካኪባራ ጽሑፍ በውጭ መጽሔት ወጣ። በመጨረሻው ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ለቶሜኪቺ ሃማጂ ምስጋና አለ። አጎቴ ቶሜ አስነበበኝ።

«ከእኔ በፊት የተመሰገነው ማነው?»

«የውኃ ማጣሪያ ማሽን የሰጠ ድርጅት ነው አጎቴ።»

«ማሽኑ ባሕር ገብቷል?»

«አልገባም።»

«እና እንዴት ቀደመኝ?»

ለሳካኪባራ ነገርኩት። ይቅርታ ጠይቆ በሚቀጥለው ጽሑፉ የመጀመሪያ አደረገው። አጎቴ ቶሜ ሁለቱንም ገጾች ፍሬም አስገብቶ፣ በአባቱና በእናቱ ፎቶግራፍ ሥር ሰቀላቸው።

በሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ በሚያዝያ፣ በእንቅልፉ አረፈ። ጀልባውን ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ሸጦ ነበር፤ ጉልበቱ አስቸገረው። ሕይወቱ ውስጥ ከሁሉ ያሳዘነውን ነገር ብትጠይቁኝ ግን፣ ጀልባውም ጉልበቱም አይደለም። በስልሳ ስምንት ዓመቱ ከኩራታ ጋር ተወዳድሮ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሊሆን ፈልጎ በአንድ ድምፅ ተሸነፈ። ድምፁ በምስጢር ነው የሚሰጠው። ሃትሱዬም የባሕር አረም ስለምትለቅም የማኅበሩ አባል ነበረችና፣ እራት ላይ ሾርባ እየቀዳች፣

«እኔ ኩራታን ነው የመረጥኩት» አለችው።

«ምን?!»

«አንድ ቤት ውስጥ አንድ ሊቀ መንበር ይበቃል። ያለነው ሁለት ነን፤ ሊቀ መንበሯ እኔ ነኝ።»

ሁለት ቀን አላናገራትም። በሦስተኛው ቀን ካልሲው ጠፋበትና አናገራት።